በሳንቲም ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ስም

በቅርቡ ከምናስተምራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች አንዱ የእረፍት ደወል እንደተደወለ ወደ ጠረጴዛችን ቀረበና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳው አወጣ። ሲፈታው ግራጫ ጌም ቦይና ሁለት ካሴቶች ናቸው። ጨዋታ ወደ ክፍል ይዞ የመጣ ተማሪ መስሎን ለተግሣጽ ተዘጋጅተን ነበር። ልጁ ግን፣ «ኡስታዝ፣ የወንድሜ ስም ጠፋ» አለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አኺራ ሄዷል፤ አላህ ይዘንለት። መጫወቻው በልጅነቱ ዘመድ ከጅቡቲ ያመጣለት ነበር። ፖኬሞን የተባለው ጨዋታ ሲጀመር የተጫዋቹን ስም ስለሚጠይቅ፣ በሁለቱም ካሴቶች ላይ ባለ አራት ፊደል ስሙን ጽፎ ወራት የፈጀ ጨዋታ አስቀምጧል። እርሱ ካለፈ ወዲህ ታናሹ መጫወቻውን የሚከፍተው ያንን ስም ለማየት ነበር። አሁን በአንደኛው ካሴት ላይ «አዲስ ጨዋታ» ከሚለው በቀር ምንም የለም።

ለመሆኑ የተቀመጠ ነገር እንዴት በራሱ ይጠፋል? ጌም ቦይን የጃፓኑ ኒንቴንዶ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በካሴቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። ጨዋታው ራሱ የተጻፈበት ቋሚ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባይኖርም አይጠፋም። ተጫዋቹ የሚያስቀምጠው ስምና የደረሰበት ቦታ ግን የሚሰፍረው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉን በሚረሳ ማስታወሻ ላይ ነው። ስለዚህ መጫወቻው ሲጠፋም ይህንን ማስታወሻ የሚያነቃ፣ ሳንቲም የመሰለ ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ባትሪው ሲደክምና ጉልበቱ ከ2 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ማስታወሻው የያዘውን ይለቃል። እንደኛ ድሬዳዋ ያለ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ቶሎ ያደክማል።

ሁለቱ ካሴቶች ለምን በአንድ ጊዜ አልሞቱም? ስሙ የጠፋበት እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን የወጣው ፖኬሞን ሲልቨር ነው። ይህ ጨዋታ ሌሊትና ቀንን የሚለይ ሰዓት በውስጡ ስላለው፣ ባትሪው ስሙንም ሰዓቱንም ይመግባል። ሁለተኛው ፖኬሞን ብሉ ሰዓት የለውም፤ ስለዚህ ስሙ ገና በሕይወት ነበር።

ከአስር ሶላት በኋላ ከልጁ ጋር ወደ ታይዋን ገበያ ወረድን። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰባት ጊዜ አንስቶ ድሬዳዋ የባሕር ማዶ ዕቃ መግቢያ ናትና፣ ዕቃው ባለበት ጠጋኙም አይታጣም። አንድ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ወንድማችን ካሴቱን ከፍቶ በቴስተር ለካው። 2.4 ቮልት ሆነ። «ችግር የለም፣ አሁኑኑ ነቅዬ በአምስት ደቂቃ አዲስ እበይድልሃለሁ» አለ።

ልጁ እጁን ያዘው። እውነቱን ነበር። አሮጌው ባትሪ ሲነቀል አዲሱ እስኪገባ ባለችው ቅጽበት ስሙ ይጠፋልና። ጠጋኙም ነገሩ ሲገባው ካውያውን አስቀምጦ፣ «እንዲህ ከሆነስ አንቸኩልም» አለ።

የተስማማነው በዚህ ነው። በመጀመሪያ ስሙ በመስታወቱ ላይ እንደታየ በሞባይል ፎቶ አነሳነው፤ ልጁም ወንድሙ የደረሰበትን ሁሉ በደብተሩ ገለበጠ። ቀጥሎም በቁጥሩ ትክክለኛ የሆነ፣ ለመበየጃ ጆሮ ያለው ባትሪ ከዱባይ እስኪላክ ሦስት ሳምንት ታገሥን። በሳንቲም ባትሪ ላይ የሚጻፈው ቁጥር መጠኑን ይናገራል፤ 2025 ማለት ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። 1616 ደግሞ 16 በ1.6 ነው። ጆሮ የሌለውን ባትሪ በቀጥታ በካውያ መበየድ ሊያፈነዳው ስለሚችል አይደፈርም።

ባትሪው ሲመጣ ጠጋኙ የካሴቱን ሽፋን አውልቆ ቦርዱን መጫወቻው ውስጥ ሰካና አራት አዲስ የባትሪ ድንጋዮች አስገብቶ አበራው። መጫወቻው እስከበራ ድረስ ማስታወሻው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ካውያውን አግሎ ከሶኬት ነቀለው፤ ባዕድ ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ እንዳይሻገር። አሮጌውን አነሳ፣ አዲሱን አስቀመጠ፣ በየደ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ ለእኛ ግን ረዘመብን። አጥፍቶ ጥቂት ቆየና መልሶ አበራው። አራቱ ፊደላት በቦታቸው ነበሩ። ልጁ አልጮኸም፤ «ለእማዬ ላሳያት» ብሎ ብቻ ተነሣ። ጠጋኙም የሥራውን ዋጋ አልቀበልም አለ።

የሲልቨሩ ስም ግን አልተመለሰም። በእርሱም አዲስ ባትሪ ብናስገባ ወደፊት የሚጻፈውን ይይዝ እንጂ የሄደውን አይመልስም። ልጁ ይህንን ስንነግረው ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «አምና ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለን። አዎን፣ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር። መዋሸት አልቻልንም።

እንግዲህ ውድ ወላጆች፣ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ሳይሞት ይታይ። የምንወደው ሰው ድምፅ በአሮጌ ሞባይል፣ ፎቶውም በአንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ የቀረብን ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ እንገልብጠው። የወጣውን አሮጌ ባትሪ ደግሞ ሕፃን ከሚደርስበት እናርቅ። የሳንቲም ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ልጅ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አዲሱም ባትሪ አንድ ቀን ያልቃል። ልጁ ይህን ያውቃል። በካሴቱ ጀርባ የተቀየረበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለጥፏል፤ ከሥሩም የወንድሙን ስም በብዕር ጽፎታል። ይኼኛው ባትሪ አያስፈልገውም።