ለእናት የሚሰጥ መጽሐፍ

እናትን የሚያበረታ መንፈሳዊ መጽሐፍ የሚመረጠው እናቲቱ ያለችበት ሁኔታ ታይቶ እንጂ የመጽሐፉ ዝና ተሰምቶ አይደለም። አራሷም፣ ስለት ያለባትም፣ ልጅ የቀበረችውም፣ ልጇ ባሕር የተሻገረባትም፣ በቁጣዋ ተጸጽታ እንቅልፍ ያጣችውም እናቶች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ግን ለሁሉም አይሆንም። ሐረር ላይ፣ በጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ ካለው መድኃኔ ዓለም ጀምሮ ከግንቡ ውጭ እስካሉት አብያተ ክርስቲያናት ድረስ፣ በበዓል ቀን መጻሕፍት ከጧፍ፣ ከዕጣንና ከመቁጠሪያ ጎን ተዘርግተው ይሸጣሉ። ገዢዋ ብዙ ጊዜ የምትለው «ለእናቴ የሚሆን ፈልጌ ነበር» ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ መጽሐፍ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «እናትሽ ምን ገጥሟቸው ነው?» ይልና ቀጥሎ «መነጽር ያደርጋሉ?» ይላል።

ከአራሷ ቢጀመር ይሻላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሕፃኑ ክርስትና የሚነሣውም ያ ሲሞላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጎርፋል፤ ገንፎው ይበላል፤ ከዚያ ሰው ይቀንሳል፤ ቅዳሴ የለመደች ሴት ግን ገና ብዙ ሳምንታት ይቀሯታል። ለዚህ ጊዜ እንደ ውዳሴ ማርያም የሚሆን መጽሐፍ የለም። ለሰባቱ የሳምንት ቀናት ስለተከፋፈለ የዕለቱ ድርሻ ሕፃኑ ጡት ጠብቶ ሳይጨርስ ያልቃል። አራስ ሊጠይቁ የሚሄዱ ዘመዶች ግን ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው በወፍራሙና በጌጠኛው ተአምረ ማርያም ላይ ነው። ተአምረ ማርያም ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት ነው፤ አራሷም ወደ ቅዳሴ ስትመለስ ትሰማዋለች። ለአሁኑ ግን መጽሐፍ የምትይዘው በአንድ እጇ ነው፤ ሌላው እጇ ልጅ ይዟል። በመዳፍ የምትያዝ ቀጭን እትም ከጌጠኛው ጥራዝ የበለጠ ትነበባለች።

በሐረር አካባቢ የእናትን መጽሐፍ ከቁልቢ ነጥሎ ማሰብ አይቻልም። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው፣ ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል። ልጅ የለመኑ እናቶች ስለታቸውን ይዘው፣ በስለት የተወለዱትን ሕፃናት አዝለው ይጓዛሉ፤ ብዙዎቹም ሕፃናት እዚያው ይጠመቃሉ። ስለዚህ ሁለቱ በዓላት ሲቃረቡ ድርሳነ ገብርኤል ፈላጊው ይበዛል። በግዕዝና በአማርኛ ጎን ለጎን የታተመውን የምትገዛ እናት መጀመሪያ ትሳለመዋለች፤ ከዚያ መሃሉን ከፈት አድርጋ ክንዷ እስከሚደርስ ታርቀዋለች፤ ፊደሉ ካልታያት ዘግታ፣ ግንባሯን አስነክታ ትመልሰዋለች። ሻጩ ዋጋ ቢቀንስላትም አትወስደውም።

የሐምሌ 19 ንባብ ስለ እናት የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅድስት ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ቂርቆስን ይዛ ከሚፈላው ጋን ፊት ስትቆም ትፈራለች። በዚያ ሰዓት የሚያጽናናው ልጁ፣ የምትጽናናው እናቲቱ ናት፤ ከዚያ ገብርኤል ደርሶ የፈላውን ያቀዘቅዘዋል። እናት አትፈራም፣ አትደክምም፣ ሁልጊዜ ልጇን የምታጸና እርሷ ናት እየተባለች ላደገች ሴት ከዚህ የሚበልጥ እረፍት የለም፤ ቅድስት ተብላ የምትጠራዋ ኢየሉጣ ራሷ ፈርታለች። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ግን እስከዚህ ብቻ ነው። ቂርቆስና እናቱ ከጋኑ ይትረፉ እንጂ መጨረሻቸው ሰማዕትነት ነው፤ የቂርቆስ በዓልም ጥር 15 ይከበራል። ይህ ለሻጭ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። የታመመ ልጅ አቅፋ ቁልቢ ለመውጣት የምትዘጋጅ እናት የሐምሌውን ንባብ ብቻ ይዛ ብትሄድ ልጇም ካልዳነ በመጽሐፉ መከዳቷን ታስብ ይሆናል። ሙሉውን ታሪክ ያወቀች ግን የመጽሐፉ ተስፋ ከጋኑ በማምለጥ ብቻ እንደማያበቃ ቀድማ ትረዳለች።

ለስለተኛዋ እናት ከድርሳኑ ጎን የሚሄድ ሌላ ንባብ አለ፤ የመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች። ሐና ልጅ አጥታ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ይገሥጻታል። ከዚያ ልጅ ታገኛለች፣ ጡት ታስጥለዋለች፣ እንደ ስለቷም ለቤተ መቅደስ ትሰጠዋለች። ሰባኪ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ግን ሐና በየዓመቱ ትንሽ መጎናጸፊያ ሠርታ ትወስድለት እንደነበር ተጽፏል። ልጁ በዓመት ስንት ጣት እንዳደገ በሐሳቧ እየለካች ልብስ የምትሠራ እናት እዚህ ትታያለች። ልጇን ለአዳሪ ትምህርት ወይም ለአብነት ትምህርት ርቆ ለመሄድ የለቀቀች እናት ይህን ቦታ ያለ ማብራሪያ ትረዳዋለች።

ልጅ ለሞተባት እናት መጽሐፍ ይዞ መሄድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰልስት ውስጥ ማንም መጽሐፍ አያነብም፤ ድንኳኑ ሳይፈርስ የተሰጠ መጽሐፍ የት እንደገባ አይታወቅም። የሚሻለው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ አርባው አለፍ ሲል ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሕፃን በተአምር የዳነበትን ታሪክ መስጠት ቁስል መነካካት ይሆናል፤ «የእኔስ ለምን?» ያሰኛል። መጽሐፈ ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ በስሟ እንዳይጠሯት፣ መራራ እንዲሏት በአደባባይ ትናገራለች። መጽሐፉ ስለዚህ ምሬቷ አንድ ቦታም አይወቅሳትም። ከመዝሙረ ዳዊትም የሚያለቅሱት መዝሙራት ከሚያመሰግኑት በፊት ቢጠቆሙላት ይሻላል።

ገድለ ወለተ ጴጥሮስም ሐዘንተኛ እናቶች የሚጠይቁት መጽሐፍ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረች፣ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ያጣች ሴት ናት፤ ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 ገላውዴዎስ በተባለ መነኵሴ ተጽፏል። ልጅ የቀበረች ሴት የገዳም መሪና ንጉሥን የተቃወመች ጽኑ ሰው ሆና ማንበብ ያበረታል። ሆኖም በገድሉ ውስጥ ሕፃኑ እግዚአብሔርን የማያስደስት ከሆነ እንዲወሰድ እንደጸለየች የተጻፈበት ቦታ አለ። ሐዘኗ ያልበረደላት እናት ይህን ለብቻዋ ብታገኘው የልጇን ሞት በራሷ ጸሎት ወይም በራሷ ኃጢአት ላይ ልታሳብበው ትችላለች። መጽሐፉ ከዓመት በኋላ፣ ከተቻለም ከንስሐ አባት ጋር ቢነበብ ነው።

ስለ ጸጸት የሚጠይቁ እናቶች ጥያቄያቸውን በቀጥታ አያቀርቡም። «ቁጡ ለሆነ ሰው ምን አለ?» ይላሉ፤ ቁጡዋ ማን እንደሆነች ከአነጋገራቸው ይታወቃል። ገድለ ክርስቶስ ሠምራ ለዚህ የተገባ ነው። ክርስቶስ ሠምራ ባለትዳርና የብዙ ልጆች እናት ነበረች፤ በገድሏ እንደሚተረከው አንድ ቀን ተቆጥታ በአገልጋይዋ አፍ ውስጥ እሳት ትጨምራለች፤ አገልጋይዋ ትሞታለች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ ትጸልያለች፤ የሞተችውም ትነሣለች፤ የቅድስናዋ መንገድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነሐሴ 24 የምትታሰበዋ ቅድስት ዲያብሎስን ከእግዚአብሔር ጋር ለማስታረቅ የለመነች መሆኗን ሁሉም ያወራል፤ የቁጣዋን ነገር ግን ጥቂት ሰው ያነሳዋል። መጽሐፉ በዚያ አያቆምም፤ ቤቷንና ልጆቿን ትታ መመነኗንም ይናገራል። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ልቧ ለከፋት፣ ከቤት ጥፊ ጥፊ ለሚላት ሴት የሚሰጥ አይደለም። እንዲህ ያለችው እናት እንቅልፍና ምግብ ካጣች፣ ልጇን ማየት ካስጠላት፣ የሚያስፈልጋት መጀመሪያ ሐኪም ነው፤ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ይህን ሳይናገር መጽሐፍ የሚሸጥ ሻጭ ሥራውን በግማሽ ሠርቷል።

ከሐረርጌ በጅቡቲም ሆነ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዐረብ አገር የሚሻገረው ወጣት ብዙ ነው፤ ስልኩ እስኪጠራ የምትጠብቅ እናትም በየመንደሩ አለች። ለእርሷ የሚሆነውን መጽሐፍ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ መጽሐፈ ጦቢት። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶበት፣ በሩቅ አገር በአደራ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣ ልጁን ጦብያን ይልከዋል። እናቱ ሐና ታለቅሳለች፤ ገንዘቡ ቢቀርስ ብላ ባሏን ትሟገታለች። ጉዞው ሲረዝምባት ልጄ ሞቷል ትላለች፤ ባሏ ሊያጽናናት ቢሞክር አትሰማውም። በየቀኑ ልጇ የሄደበትን መንገድ ወጥታ ታያለች፣ እህል አትቀምስም፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። አንባቢው ግን ከልጁ ጎን እንደ ተራ መንገደኛ የሚሄደው መልአኩ ሩፋኤል መሆኑን ያውቃል፤ እናቲቱ አታውቅም። ልጁ ሲመለስም ከሩቅ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት፤ መንገዱን ስትጠብቅ ነበርና። ለገንዘብ ብሎ ልጅን መስደድ ይገባል ወይ የሚለው የሐና ሙግት ዛሬም በየቤቱ አለ፤ መጽሐፉም የእርሷን ወገን በግልጽ ያሰማል። ጦቢት በሰማንያ አሐዱ ውስጥ የሚቆጠር ስለሆነ በስድሳ ስድስቱ እትም ውስጥ አይገኝም፤ ገዢዋ ይህን ሳታውቅ ገዝታ «የለበትም» ብላ እንዳትመለስ አስቀድሞ መንገር ነው። የሩፋኤል በዓል ጳጉሜን 3 መሆኑም ለንባቡ የተመቸ ጊዜ ይሰጣል።

በስጦታ ብዙ የሚወሰደውና ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነው መጽሐፈ ምሳሌ 31 ነው። ስለ ልባሟ ሴት የተነገረው ክፍል በጌጥ ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌሊት የምትነሣ፣ የምትፈትል፣ የምትነግድ፣ መብራቷ የማይጠፋ ሴት ምስል የደከመች እናት ላይ ሌላ ሸክም ይጭንባታል። የምዕራፉ መግቢያ ይህ ቃል ንጉሥ ልሙኤልን እናቱ ያስተማረችው መሆኑን ይናገራል፤ እናት ለልጇ የሰጠችው ምክር ነው ማለት ነው። ለወንድ ልጅ ሠርግ ስጦታ ቢሆን ቦታውን ያገኛል።

ከኦርቶዶክስ ውጭ ያሉት ክርስቲያኖችም በሐረር ታሪክ አላቸው። የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከመግባቷ በፊት ደርሰው ነበር፤ አባ እንድርያስ የተባሉት ጳጳስ ዣሮሶም የልጅ ተፈሪ መኰንን አስተማሪ ነበሩ። ካቶሊካውያን እናቶች ልጃቸው ሲጠፋባቸው የሚያስቧት ቅድስት ሞኒካን ነው፤ ልጇ አውግስጢኖስ በኑዛዜ መጽሐፉ ለዓመታት ያፈሰሰችውን እንባ ይተርካል። መጽሐፉ በፍልስፍና የከበደ ስለሆነ ለእናት ሲመከር ዘጠነኛው ክፍል፣ የሞኒካ ሕይወትና ሞት የተጻፈበት፣ ቢጠቆም ይበቃል። በወንጌላውያን ዘንድ የሜኖናይት ሚሲዮን በደደር ሠርቷል። የወንጌላውያን እናቶች ከውጭ የተተረጎሙ የጸሎት መጻሕፍትን ይወዳሉ፤ ከነዚህ ውስጥ አንዳንዱ የአገሬውን ኑሮ አያውቅም። ከልጆች ተለይታ በክፍሏ በር ዘግታ ጸጥታ እንድታገኝ የሚመክር መጽሐፍ በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ምክር አይሆንም። ከዚያ ይልቅ ወደ ጢሞቴዎስ በተጻፈው ሁለተኛ መልእክት የተጠቀሱት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ፣ እምነት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንዴት እንደሚያልፍ በአንድ ቁጥር ያሳያሉ።

ቋንቋውም ይታሰብበት። በሐረር ዙሪያ ኦሮምኛ ተናጋሪ ክርስቲያን እናቶች አሉ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአናሲሞስ ነሲብ ትርጉም፣ በአስቴር ጋኖም እገዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን በዚያው ፊደል አስተምሯል። ስለዚህ በዘመቻው ማንበብ የተማረች አያት በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የታተመውን አትችለውም፤ የልጅ ልጇ ደግሞ የአያቷን አትችለውም። አንዱን ከመግዛት በፊት አንባቢዋ ማን እንደሆነች መለየት ነው።

ፊደል ያልቆጠረች እናት ስትሆን የመጽሐፉ አንባቢ የምታነብላት ልጅ ናት። ያኔ የታመቀ ፊደልም አያስቸግርም፤ የሚያስፈልገው በአጭር በአጭር የተከፈለ ንባብ ነው። በምሽት አንድ ምዕራፍ ከተነበበ ሩት በአራት፣ ጦቢት በአሥራ አራት ምሽት ያልቃል፤ ድርሳነ ገብርኤል የየወሩ ንባብ ስላለው በ19 በ19 እየተነበበ ዓመቱን ያዳርሳል።