ሰርቨሩን ሳያጠፉ መመርመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ብሂል። ታማሚው አንደበት የሌለው፣ በአንድ ክፍል ጥግ ተቀምጦ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሰርቨር ሲሆንስ? እርሱ ሕመሙን የሚደብቀው ወድዶ ሳይሆን የሚጠይቀው በማጣቱ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ሕክምና አጥፍቶ ማብራት ነው። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓታት ይጠፋል፤ ከዚያም ይመለሳል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላውን መንገድ፣ ይኸውም በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም ሳናጠፋ የምንጠይቅበትን የስክሪፕት ኮንሶል ነው።

አፕሊኬሽን ሰርቨር ምንድን ነው?

የጃቫ ቋንቋ ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም በመጀመሪያ ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ቋንቋ ይለወጣል፤ ከዚያም የጃቫ ቨርችዋል ማሽን ተቀብሎ ያስኬደዋል። አፕሊኬሽን ሰርቨር በዚህ ማሽን ላይ ሆኖ፣ ከብዙ ተጠቃሚዎች በኔትወርክ የሚመጡትን ጥያቄዎች ለየፕሮግራሞቹ የሚያከፋፍልና መልሳቸውን የሚያደርስ አስተናጋጅ ነው። ቀለል ያለው ቶምካትና ሰፊ አገልግሎት ያለው ዋይልድፍላይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመጣ ትሬድ የሚባል የሥራ ክር ይመደብለታል። ቶምካት የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው እስከ 200 የሚደርሱ ትሬዶችን ያሰማራል። ትሬዱ ከዳታቤዝ መረጃ ሲያስፈልገው አስቀድመው ከተዘጋጁ ጥቂት ኮኔክሽኖች አንዱን ተውሶ፣ ሥራውን ሲፈጽም ይመልሳል። አሠራሩ በቤተ መጻሕፍት በጥቂት ቅጂ ብቻ የሚገኙ መጻሕፍት ለሰዓታት ከሚታደሉበት ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል፤ የተዋሰ ካልመለሰ የሚመጣው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ኮንሶሉ እንዴት ይሠራል?

ኮንሶሉ በብራውዘር የሚከፈት አንድ ገጽ ነው። ከላይ መጻፊያ ሳጥን፣ ከሥር የማስኬጃ ቁልፍ፣ ከዚያም መልስ የሚታይበት ቦታ አለው። በሳጥኑ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ግሩቪ በተባለው ቋንቋ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረና በጃቫ ቨርችዋል ማሽን ላይ የሚሠራ ቋንቋ ነው። የጻፍነው ስክሪፕት በሰርቨሩ ውስጥ ወዲያውኑ ወደ ባይትኮድ ተለውጦ፣ ከሚመረመረው ፕሮግራም ጎን በዚያው ማሽን ውስጥ ይሠራል። ስለዚህም ፕሮግራሙ በማስታወሻ ውስጥ የያዛቸውን ነገሮች በውጭ ሆኖ ከመገመት ይልቅ ቀርቦ ያያቸዋል።

ጃቫ ከዚህ ቀደምም መመልከቻ አልነበረውም ማለት አይደለም። ጄኤምኤክስ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው አምስተኛው የጃቫ እትም ጀምሮ ከቋንቋው ጋር ይመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጄኤምኤክስ የሚጠየቀው የፕሮግራሙ ጸሐፊ አስቀድሞ ያሰበበት ጥያቄ ነው፤ በስክሪፕት ግን ማንም ያላሰበበትን ጥያቄ ችግሩ በተከሰተበት ሰዓት መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ሙከራ

ነገሩን በተግባር ለማየት በአንድ የሙከራ ኮምፒውተር ላይ አነስተኛ የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም በቶምካት አስቀመጥን። የዳታቤዝ ኮኔክሽኖቹን ቁጥር በ10 ወሰንን። ከመካከላችን አንዱ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሸሸገና የቀረነው እንድንፈልገው ተወን። ፕሮግራሙ ለጥቂት ጊዜ በመልካም ሠራ፤ ከዚያም ገጾቹ መልስ መስጠት አቆሙ። ከ200ዎቹ ትሬዶች ገና ነጻ የሆኑ ስለነበሩ ኮንሶሉ ይመልስልን ነበር።

የመጀመሪያ ግምታችን ማስታወሻው ሞልቷል የሚል ነበር። ጠየቅን፤ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሁለተኛው ግምታችን ፕሮሰሰሩ በሥራ ተጨናንቋል የሚል ነበር። የትሬዶቹን ሁኔታ ጠየቅን፤ የተጠቃሚዎቹን ጥያቄ የያዙት ሁሉ በመጠበቅ ላይ ናቸው። የት እንደቆሙ ስንጠይቅ ሁሉም አንድ ቦታ ተገኙ፦ ኮኔክሽን ለመዋስ በሚጠይቀው መስመር ላይ። ሦስተኛው ጥያቄያችን በውሰት ላይ ያሉት ስንት ናቸው የሚል ነበር። መልሱ 10 ሆነ፤ ዳታቤዙ ግን አንድም ሥራ አልነበረውም። ተውሶ ያልመለሰ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። ቆመው የሚጠብቁት ትሬዶች ተጎጂዎች እንጂ ጥፋተኞች አይደሉም፤ ጥፋተኛው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ ማስረጃውን ከመዘገብን በኋላ ሰርቨሩን እንደገና አስነሥተን፣ ከእያንዳንዱ ድርጊት በኋላ የውሰቱን ቁጥር ጠየቅን። ትክክለኛ ምዝገባ ሲፈጸም ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል። የተሳሳተ የመታወቂያ ቁጥር ስናስገባ ግን 1 ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛ ስንሳሳት 2 ሆነ፤ በአሥረኛው ሁሉ ነገር ቆመ። ኮዱን ስናይ ኮኔክሽኑን የሚመልሰው ትእዛዝ የተጻፈው ሥራው በሰላም ሲያልቅ በሚታለፍበት መንገድ ላይ ብቻ ነበር፤ ስሕተት ሲነሣ ፕሮግራሙ ዘሎት ይሄዳል። መፍትሔው ትእዛዙን በማንኛውም ሁኔታ በሚፈጸመው ፋይናሊ በተባለው ክፍል ማኖር ነው።

ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አጥፍተን አብርተን ቢሆን ኖሮ ማስረጃው ከማስታወሻው ጋር በጠፋ ነበር። ከዚያም ሌሎች አሥር የተሳሳቱ ቁጥሮች እስኪገቡ ድረስ ዳንን ብለን እንቀመጥ ነበር። እውነተኛ የምዝገባ ዕለት ቢሆን ዋጋውን የሚከፍለው ከየአካባቢው መጥቶ ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፈው ተማሪ ነው።

በሁለት ወገን የተሳለ መሣሪያ

የሚጠይቅ ስክሪፕት ማዘዝም ይችላል። አንዲት አጭር ትእዛዝ ሰርቨሩን ትዘጋዋለች፤ ማብቂያ የሌለው ዙር ፕሮሰሰሩን ይይዛል። የሶፍትዌር ግንባታን የሚያቀናጀው ጄንኪንስ ለአስተዳዳሪዎቹ የግሩቪ ኮንሶል አለው፤ በዚያ የገባ ሰው የሰርቨሩን ፋይሎች ማንበብ፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንም መፍታት ይችላል።

መስኮት ክፍት ሲቀር የሚሆነውን ጄቦስ በተባለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ላይ የደረሰው ያሳያል። በአንዳንድ እትሞቹ የጄኤምኤክስ ኮንሶሉ ጥበቃ ጌትና ፖስት የተባሉትን ሁለት የጥያቄ ዓይነቶች ብቻ ይመለከት ነበር። በሌላ ዓይነት ጥያቄ የመጣ ሰው ያለ ይለፍ ቃል ያልፍ ነበር። ጉድለቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታውቆ ማስተካከያ ወጣለት፤ ሆኖም በ2011 ማስተካከያውን ባላስገቡ ሰርቨሮች ላይ ራሱን የሚያባዛ ዎርም ተሠራጨ። ይህ የተፈጸመው የተወሰኑ ትእዛዞችን ብቻ በሚያቀርብ ኮንሶል ነው፤ ማንኛውንም ትእዛዝ የሚቀበለው የስክሪፕት ኮንሶል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ኮንሶሉ ከኢንተርኔት ተሰውሮ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይከፈት፤ ቁልፉ በጥቂት ኃላፊዎች እጅ ይሁን፤ ማን ምን እንደጠየቀ ይመዝገብ፤ ስክሪፕቱም አስቀድሞ በሙከራ ሰርቨር ላይ ይፈተን። በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ደግሞ የሚያነብ እንጂ የሚለውጥ ትእዛዝ አይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ኮንሶሉ በራሱ መርማሪ አይደለም። በሙከራችን መልስ ያስገኘልን ግምት ማስቀመጥ፣ ግምቱን የሚፈትን ጥያቄ መጠየቅና የተሳሳተውን ግምት መጣል ነው፤ ይህም በፊዚክስም ሆነ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ከምንማረው የተለየ አይደለም። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ፕሮግራማችሁ ሲቆም እጃችሁን ወደ ማጥፊያው ከመስደዳችሁ በፊት ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጠይቁት።