ኩፍኝና የሰውነት ትዝታ

በአገራችን አንድ ሕፃን ኩፍኝ ወጥቶለት ከዳነ ቤተሰቡ ከትልቅ ሥጋት ያርፋል። እምነቱ በከፊል እውነት ነው፤ ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው እንደገና የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የነገሩን ሌላ ወገን ለማስረዳት እንፈልጋለን፤ ኩፍኝ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

አስቀድመን የመጀመሪያውን ወገን እንመልከት። በ1846 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን አትላንቲክ ወደሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። ከ1781 ወዲህ በዚያ አልታየም ነበር። የዴንማርክ መንግሥት የላከው ወጣት ሐኪም ፔተር ፓኑም እንደ መዘገበው፣ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች 6,000 የሚሆኑት ታመሙ፤ በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎች ግን አልታመሙም። ሰውነት ጠላቱን 65 ዓመት ሙሉ አልረሳም ማለት ነው።

ይህን ትዝታ የሚጠብቁት ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑ ሕዋሳት ናቸው። አንድ ጀርም ሰውነትን ሲወጋ ለይተው ያውቁታል፤ ከፊሎቹም በሽታው ካለፈ በኋላ ለብዙ ዓመት ይኖራሉ። ጀርሙ ተመልሶ ቢመጣ ፈጥነው ይባዛሉ፤ አንዳንዶቹም አንቲቦዲ የሚባለውን መከላከያ ያመነጫሉ። የኩፍኝ ቫይረስ ክፋቱ እነዚህኑ ዘበኞች ማጥቃቱ ነው፤ በላያቸው የሚገኘውን አንድ ፕሮቲን እንደ በር አድርጎ ይገባባቸዋል። ሰውነት ታግሎ ሲያሸንፍ የኩፍኝን ትዝታ አዲስ ያበጃል፤ የሌሎቹ በሽታዎች ትዝታ ግን ይጎድላል።

የዚህ ምልክት ቀደም ብሎ ታይቷል። ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለው የቪየና ሐኪም በ1908 እንደ ገለጸው፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በቱበርኩሊን ሲነካ የሚያብጥ ቆዳ፣ ልጁ ኩፍኝ ሲይዘው ለጥቂት ቀን ማበጡን ይተዋል። በ2019 ደግሞ በኔዘርላንድስ ክትባት ያላገኙ የ77 ልጆች ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ የተመረመረበት ጥናት ታተመ። ልጆቹ ለሌሎች ጀርሞች ከነበራቸው አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። ክትባት በተሰጣቸው ልጆች ግን እንዲህ ያለ ጉድለት አልታየም።

እንግዲህ ከኩፍኝ የዳነ ሕፃን ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ቢሞት፣ መንገዱን የከፈተው ኩፍኝ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ግን በኩፍኝ አያሳብብም። የተዳከመ ቫይረስ የሚገኝበት ክትባት ለሰውነት ትምህርቱን ይሰጣል፤ የቀድሞውን ትዝታ ግን አይነጥቅም። በኢትዮጵያ ክትባቱ በ9ኛው ወር ይሰጣል፤ ከ2019 ጀምሮም በ15ኛው ወር ይደገማል። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ስለ ሆነ፣ እንዳይዛመት ለማድረግ ከመቶው 95 ያህሉ ሰው መከላከያው ሊኖረው ያስፈልጋል።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ «ወጣለት» የሚለውን ቃል ብንሰማ፣ የቀሩት ልጆች ሁለቱን ክትባት አግኝተው እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ ከተማርነው ጥቂቱን ለወገናችን አካፈልን ማለት ነው።