ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባሌ ደጋ



በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፥ መኪና ለመግዛት ያሰበ የመንግሥት ሠራተኛ ከነጋዴው ፊት ቆሞ ቀድሞ የማያውቀውን ቋንቋ ይሰማል። «ይህ 40 ኪሎዋት ይቀበላል፥ ያኛው 100 ይቀበላል፤ ይህ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፥ ያኛው 600 ይሄዳል» ይባላል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተለካው በሌላ አገርና በሌላ መንገድ ነው። የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚወጣበት ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ንግግራችን በአገራችን ከሚታዩት መኪኖች ሁለቱን ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ወስደን እንመዝናቸዋለን።

አንደኛዋ በ2015 ዓ.ም. ለገበያ የወጣችው ትንሿ ቢዋይዲ ሲገል ናት። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቷ 1,240 ኪሎ ግራም ገደማ፥ በቻይና መለኪያ የምትሄደው 405 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ጎዳና በብዛት የሚታየው በቻይና የተሠራው የፎልክስዋገን አይዲ ፎር ነው። የእርሱ ትልቁ ባትሪ 80 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም ከ2,000 ኪሎ ግራም ይበልጣል።

ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው የጋኑ መጠን ነው፤ ኪሎዋት የሚባለው ደግሞ ውሃው ወደ ጋኑ የሚገባበት የቧንቧው ስፋት ነው። ነጋዴው ሁለቱን ይናገራል። ሦስተኛውን፥ ይኸውም መኪናው ለአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚጠጣ፥ ካልተጠየቀ አይናገርም። ለሒሳባችን በሜዳ መንገድ ሲገል 11፥ አይዲ ፎር 17 ይጠጣሉ ብለን እንያዝ።

በፈጣን መሙያ ጣቢያ ሲገል እስከ 40 ኪሎዋት፥ አይዲ ፎር ወደ 100 ኪሎዋት ገደማ ይቀበላሉ። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይመስላል። ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጥ ግን ሲገል በአንድ ሰዓት የ360፥ አይዲ ፎር የ590 ኪሎ ሜትር ስንቅ ያገኛሉ፤ ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ በታች ወረደ። ይህም ሙላቱ በሰዓቱ ሁሉ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል ነው፤ ባትሪው ከመቶ ሰማንያ እጅ ካለፈ በኋላ ሙላቱ ለማንኛቸውም ይዘገያል። ደግሞም የቻይናው ጂቢ ቲና የአውሮፓው ሲሲኤስ ሁለት የተባሉት መሰኪያዎች አንዱ በሌላው ስለማይገባ፥ መሰኪያው ካልገጠመ የፍጥነቱ ነገር ከንቱ ነው። ጣቢያው ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን በአንድ ቀን ይረዳዋል፤ ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ ፈጣን መሙያ ከፍቷል።

አሁን ወደ ቤታችን ሶኬት እንምጣ። 220 ቮልት የሆነ 10 አምፔር ሶኬት ለማናቸውም መኪና 2.2 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ቧንቧው ለሁለቱም እኩል ሲሆን የሚያሸንፈው ጥቂት የሚጠጣው ነው። በአሥር ሰዓት ሌሊት ሲገል የ200 ኪሎ ሜትር፥ አይዲ ፎር የ130 ኪሎ ሜትር ያህል ስንቅ ይይዛሉ። በአዲስ አበባ ፈጣን የተባለው በሮቤ ዘገምተኛ ሆነ ማለት ነው። ሮቤ ተቀምጦ ጎባ ለሚሠራ ሰው፥ መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የደርሶ መልሱ ወጪ ለትንሿ 3፥ ለትልቁ 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ያም ኃይል ከሩቅ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና ከባሌ ደጋ በሚወርደው በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራ ነው።

ለአዲስ አበባ ጉዞ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ወደ 430 ኪሎ ሜትር በሚሆነው መንገድ አይዲ ፎር በሒሳብ 73 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከባትሪው አይበልጥም፥ ነገር ግን ወደ አዳማ ወርዶ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገድ ስለ ሆነ በመካከል መሙላት ይበጃል። ሲገል 47 ስለምትፈልግ፥ ሳትሞላ መድረስ ከቶ አይሆንላትም።

ዋናው ፈተና ሳነቴ ነው። ጎባ በ2,740 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቴ ሜዳ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ስድስት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ የቤንዚን ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አይደክምም። ዳገቱ ግን በክብደት ልክ ይከፈላል። ሦስት መቶ ኪሎ ግራም ሰውና ዕቃ ቢጫን፥ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ሲገል 5.3፥ አይዲ ፎር 8.2 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣሉ፤ ጎማና ነፋስ የሚወስዱት ሳይጨመር ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ይህ ቤንዚን ከቶ የማያውቀው በረከት ነው። ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ግን የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው፥ ፍሬኑ ብቻ ይሠራል።

በሐረና ደን አልፎ ደሎ መና የሚወርድ ሰው በመመለሻው 2,700 ሜትር ያህል ይወጣል። ከጎባ ደርሶ መልሱ፥ 220 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በእኛ ሒሳብ ከአይዲ ፎር 51፥ ከሲገል 33 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ለትልቁ ገና ብዙ ይተርፈዋል። ለትንሿ የሚቀረው ስድስት ያህል ብቻ ነው፤ እርሱንም ኮረኮንቹና የሳነቴ ብርድ ይሻሙታል፤ ብረትና ፎስፌት ያለበት ባትሪዋ በብርድ ኃይሉ የሚደክም፥ ሲሞላም የሚዘገይ ዓይነት ነውና። ባለቤቷ ደሎ መና ላይ ምሳ ሲበላ ለሁለት ሰዓት ከሶኬት ጋር ቢያያይዛት 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ትቀበላለች፤ ይህም ከፊቷ ለቆመው ዳገት ከሚያስፈልጋት ከግማሽ ያነሰ ነው።