አዳራሹ ስንት ደረጃ አለው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የተማሪዎች ኮንፈረንስ አዘጋጅ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ርዕሳችን ስለ ፍትሕና ስለ ወጣቱ ድርሻ ነበር። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በመክፈቻው ዕለት ጠዋት በዊልቸር የሚሄድ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። አራት ጠንካራ ወንድሞች ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። የመድረክ መሪው “እንደ ቅፍርናሆሙ አራት ሰዎች!” ሲል እኔም አብሬ ደስ ተሰኘሁ።

በምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ውኃ ቀዳሁለት። “ይቅርብኝ ጋሼ” አለኝ ቀስ ብሎ። “መጸዳጃ ቤቱ ታች ነው። እንደገና እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ከቤት ሳልወጣ ጀምሬ ውኃ አልጠጣሁም።”

ውድ አንባቢያን፣ የቅፍርናሆም ሰዎች ጣራውን የነደሉት አንድ ቀን ነው። የእኛ ኮንፈረንስ ግን ሦስት ቀን ነበር። ያ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ የተመለሰው በገዛ እግሩ ነው፤ የእኛ እንግዳ ግን ማታም ሸክም፣ በማግስቱ ጠዋትም ሸክም ይጠብቀው ነበር። ኮሚቴያችን ክፉ ሰዎች አልነበሩበትም። ስለ ምግቡ፣ ስለ ድምፅ ማጉያውና ስለ ባነሩ ሁለት ወር ሙሉ ተወያይተናል። ስለ ደረጃው ግን ማንም አላነሳም፤ ከመካከላችን በደረጃ የሚቸገር ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በተማሪዎች መካከል የተጀመረ ታሪክ ነው።

እናትና ልጅ

ኤድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1953 በ14 ዓመቱ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ያዘው። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ለመተንፈስ “የብረት ሳንባ” በሚባል እንደ በርሜል ባለ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ መተኛት ነበረበት። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ዲፕሎማ ከለከሉት። ምክንያታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የስፖርትና የመኪና መንዳት ትምህርት አልወሰደም የሚል! እናቱ ዞና ተሟግታ ዲፕሎማውን አስገኘችለት። የልጇ ጉዳይ አልሆነላት ብሎ ከቢሮ ቢሮ የምትንከራተት እናት ይህን ስታነብ ዞናን በደንብ ታውቃታለች።

በ1962 ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የብረት ሳንባውን የሚችል የተማሪ ማደሪያ ስላልነበረ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ እንዲኖር ተደረገ። ሌሎችም ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ተከተሉት። በ1964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ግቢው የመናገር ነጻነትን በሚጠይቁ ተማሪዎች የተናወጠበት ዘመን ነው። እነ ኤድም ከሆስፒታሉ ሆነው አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ስለ እኛ ሌሎች ለምን ይወስናሉ? በ1970 በዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አገልግሎት እንዲቋቋም አደረጉ፤ በ1972 ደግሞ በከተማው ውስጥ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማዕከል ተመሠረተ። ኤድን “ሥራ ሊሠራ አይችልም” ብሎ የነበረው የክፍለ ግዛቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት በ1975 ዳይሬክተሩ አድርጎ ተቀበለው። ትዳር መሠረተ፤ ወንድ ልጅም ወለደ።

ማንም ያልቀረበት ስብሰባ

በ1973 የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም አካል ጉዳተኞችን እንዳያገል የሚከለክል ሕግ አወጣ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን አራት ዓመት ሳይፈረም ቆየ። ሚያዝያ 1977 እ.ኤ.አ. ወደ 150 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አካል ጉዳተኞች፣ በሳንፍራንሲስኮ የፌደራል ሕንፃ ገብተው አንወጣም አሉ። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲ ሂውማን ነበረች፤ በልጅነቷ በዊልቸር ስለምትሄድ ብቻ አንድ ርእሰ መምህር “ለእሳት አደጋ ታሰጋለች” ብሎ ከመዋዕለ ሕፃናት መልሷት ነበር።

ወደ አራት ሳምንት ቆዩ። አልጋ የለም፤ የሚያገላብጥና የሚያለብስ ረዳት ግን ለብዙዎቹ ያስፈልጋል። እርስ በርስ ተረዳዱ። መድኃኒት የሚያቀዘቅዙበት ሳጥን ከአየር ማቀዝቀዣው ጋር በፕላስተር አጣበቁ። ብላክ ፓንተርስ የተባሉት የጥቁሮች ንቅናቄ አባላት ትኩስ ምግብ ያመጡላቸው ነበር፤ ግላይድ የተባለችው የከተማዋ ቤተ ክርስቲያንም ደግፋቸዋለች። የስልክ መስመር ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ወገኖች በመስኮት ቆመው በምልክት ቋንቋ ወደ ውጭ መልእክት አስተላለፉ! ሌላው ሰው ሁሉ ዲዳ በሆነበት ሰዓት የቡድኑ አንደበት እነርሱ ሆኑ። ደንቡም ሚያዝያ 28 ተፈረመ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁሉ የሆነው ምንም ባልተዘጋጀለት ቢሮ ውስጥ መሆኑ ነው። ያቀዱት ራሳቸው ስለነበሩ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር።

ወደ እኛ ጉባኤ እንመለስ

በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የኮንፈረንስ ኮሚቴ ግን አዋጅ እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም። የምዝገባ ቅጹ ላይ “ለመሳተፍ ምን ያስፈልግዎታል?” የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም ወጪ የለውም። አዳራሽ ከመከራየት በፊት ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ይዞ ሄዶ በሩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና መድረኩን ማየት ነው። መድረኩን ጭምር! አካል ጉዳተኛው ሁልጊዜ አድማጭ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ራምፕ ሲሠራ ደግሞ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ከዚያ የቀጠነ ሳንቃ ጥሎ “ሠርተናል” ማለት ሰው መጣል ነው።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አንድ ብቻ ጠርተው ቀኑን ሙሉ የሚያቆሙ አሉ። ማስተርጎም አእምሮንም እጅንም ያደክማል፤ ሁለት ሆነው በየሃያና በየሠላሳ ደቂቃው መፈራረቅ አለባቸው። ቪዲዮ ሲታይ መብራት ሁሉ ሲጠፋ ደግሞ አስተርጓሚው አይታይም፤ ለእርሱ አንድ መብራት ይተው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጽሑፉን ቀደም ብለው በብሬል ወይም ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ ቢያገኙ በውይይቱ እኩል ይሳተፋሉ። ረዳት ይዞ ለሚመጣም የረዳቱ መመዝገቢያ በነጻ ይሁን።

ይህ የተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የባለትዳሮች ሴሚናር ሲዘጋጅ ባል ወይም ሚስት በደረጃው ምክንያት ሊመጡ ካልቻሉ የሚቀሩት ሁለቱም ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ያንን ተማሪ ኮሚቴው ውስጥ እንዲገባ ለመንነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ርዕሱም ስለ ተናጋሪውም ሳንነጋገር “አዳራሹ ስንት ደረጃ አለው?” ብሎ ጠየቀ። ሦስት ቦታ ጥለን አራተኛውን ተከራየን፤ ምድር ቤት ነው፣ ጠበብ ያለ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል። ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። እርሱ የመክፈቻውን ፕሮግራም ራሱ መርቶ ከመድረክ ሲወርድ የቀዳሁለትን ውኃ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ብርጭቆውን “ጨምርልኝ ጋሼ” ብሎ ዘረጋልኝ።