በካያክ ላይ አዛዡ የፈራው ሰው ነው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጀልባ ነው። አዎ፣ ስለ ጀልባ! «ኑሮው አላላውስ ብሎን አንተ ስለ ጀልባ ታወራለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ጀልባው የትዳር ጉዳይ ሆኖ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ አለ። ወንድሙ ከአሜሪካ ሲመጣ እንደ ፍራሽ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ በፓምፕ ሲነፉት ጀልባ የሚሆን ላስቲክ አመጣለት። ካያክ ነው። ወዳጄ ደስታውን አልቻለውም። «በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ይዘን ጎርጎራ እንወርዳለን!» አለ። ሚስቱ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «አንተ ከፈለግህ ሂድ። እኔ ልጆቼን ለጣና አልገብርም!» አለች። እሱም «ሰው በደንገል ሲሻገረው የኖረውን ውኃ በዘመናዊ ጀልባ ትፈሪያለሽ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ኩርፊያ ሆነ። በመጨረሻ «እስቲ አንተ ፍረደን» ተብዬ ተጠራሁ።

እኔም ሁለቱንም ሰማሁ። ፍርዴን ግን አሁኑኑ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ነገሩን እንየው።

ጣና እንደ መዋኛ ገንዳ አይደለም

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከስፋቱ አንጻር ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። «ታዲያ ምን ያስፈራል?» እንዳትሉ። ሰው ለመስመጥ 15 ሜትር አያስፈልገውም፤ ቁመቱን የሚያህል ይበቃዋል። ደግሞም ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ጠዋት እንደ መስታወት ተዘርግቶ ያያችሁት ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን። ዋና አናውቅም። ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል መዋኛ ጥምቀተ ባሕር ዘሎ መግባት የሚያኮራ ነው፤ ዋና መቻል ግን አይደለም! እዚያ ግድግዳው ቅርብ ነው፤ የሚያወጣችሁ ሰውም ሞልቷል። ጣና ላይ ግድግዳ የለም።

ታንኳም ካያክም ዘመዳሞች ናቸው

ወዳጄ ስለ ደንገል ያነሳው ክርክር ግን የሚናቅ አይደለም። የጣና ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ በሥራው ደግሞ የነገደ ወይጦ ሰዎች ስመ ጥር ናቸው። ቀዛፊው ቀርከሃውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያጠልቃል። የካያክ አቀዛዘፍም ያው ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» በተባለች የደንገል መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። መርከቢቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ተጎዳችና ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ በ«ራ 2» ተሳክቶላቸው ባርቤዶስ ገቡ።

በአየር የሚነፋ ጀልባም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን የመራው ቡድን ዓባይን የወረደው እንዲህ ባሉ የላስቲክ ጀልባዎች ጭምር ነበር። የሠለጠኑ ወታደሮች ናቸው፤ ሆኖም ከመካከላቸው አንዱን ውኃ ወስዶታል። እንግዲህ አስቡት!

የታንኳ ቀዛፊን የሚያድነው ደንገሉ ብቻ አይደለም። ነፋሱን ያውቃል፤ ዳርቻውን ያውቃል፤ መቼ እንደማይወጣም ያውቃል። ይህ እውቀት ከአሜሪካ በሻንጣ አይመጣም። «ታንኳ ከቻለ ካያክ ምን ያቅተዋል?» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስትገዙ ምን ትጠይቃላችሁ?

ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ ወይም ራሳችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ እነዚህን አትርሱ።

አንደኛ፣ ክብደት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ በፓውንድ ነው። ለ2.2 አካፍሉት፣ ኪሎ ይሆንላችኋል። ለምሳሌ «ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር ኬ2» የተባለው በርካሽነቱ የታወቀ ባለ ሁለት መቀመጫ ካያክ 400 ፓውንድ፣ ማለትም 180 ኪሎ ገደማ ይችላል። አሁን ቤተሰቡን መዝኑ። አባት 70፣ እናት 60፣ ትልቁ ልጅ 25፣ ትንሿ 18፣ ምሳና ውኃ 10 ኪሎ። ድምሩ 183! አልፏል። «ሦስት ኪሎ ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ጀልባ ጫፉ ድረስ ሲጫን ይከብዳል፤ አልታዘዝም ይላል፤ ውኃም ያስገባል። ከተጻፈው ሦስት አራተኛውን ብቻ ብትጭኑ ነው የሚመከረው።

ሁለተኛ፣ የአየር ክፍሎቹን ቁጠሩ። ሁለቱ ጎኖችና ወለሉ ለየብቻ የሚነፉ ይሁኑ። አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ ያንሳፍፏችኋል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው የልጆች መጫወቻ ነው፤ ለጣና አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከሥር በኩል ወደ ኋላ የምትገጠም እንደ ዓሣ ክንፍ ያለች ነገር መኖሯን እዩ። እሷ ከሌለች ካያኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ክብ ይዞራል። ባልና ሚስትም «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይባባላሉ!

አራተኛ፣ የግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ፣ መለጠፊያና ማጣበቂያ አብሮ ይኑር። የጎርጎራ ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ አለበት፤ እሾሁም የታወቀ ነው። ጀልባውን ጎትታችሁ ወደ ውኃ አታስገቡት። ሁለት ሆናችሁ ተሸከሙት።

ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቢሾፍቱ ባሉት የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ካያክ ታገኛላችሁ። አንድ ሰዓት ቀዝፋችሁ ክንዳችሁንም ትዳራችሁንም ፈትኑ።

ጃኬቱ ከጀልባው ይቀድማል

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ግዙ፤ ጀልባውን ሌላ ጊዜ። ለአራት ሰው አራት ጃኬት! «እኔ ወንድ ነኝ፣ አያስፈልገኝም» የሚል አባት ካለ እሱ በዳርቻው ቆሞ ፎቶ ያንሳ።

ጃኬቱ ውስጡ ፎም ያለው ይሁን። ክንድ ላይ የሚጠለቅ ፊኛ፣ የመኪና ከመነዳሪ፣ ባዶ ጄሪካን፣ ይኼ ሁሉ ጃኬት አይደለም። ለልጅ ሲሆን ደግሞ በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ይመረጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። አልብሳችሁ ሁሉንም ዘለበት እሰሩና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። አገጩና ጆሮው ጃኬቱ ውስጥ ከገባ ሰፍቶታል። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው ይበልጥ ይታመናል። ልጁን ግን ከጀልባው ጋር በገመድ እንዳታስሩት! ቢገለበጥ ገመዱ ራሱ ገዳይ ነው።

ጎሚስታ ቤት አትውሰዱት!

አንዱ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፓምፕ መምታት ሰለቸውና ካያኩን አዘዞ አንድ ጎሚስታ ጋ ወስዶ በመኪና ጎማ ኮምፕረሰር አስነፋው። «ጧ!» አለ። ስፌቱ ተበጣጠሰ፤ ጀልባው ውኃ ሳያይ ሞተ። የካያክ ግፊት ከመኪና ጎማ በእጅጉ ያነሰ ነው። የሚፈለገው ቁጥር ቫልቩ አጠገብ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አትለፉ።

ሌላም አለ። ቤታችሁ ነፍታችሁ መኪና ላይ ጭናችሁ አትሂዱ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር 2,100፤ ጣና 1,800። ደጋ ላይ የተነፋ ነገር ቆላ ሲወርድ ይለሰልሳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይወጠራል። ስለዚህ ዳርቻው ላይ ንፉት። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካውም ትንሽ ይረግባል፤ ጨምሩለት። ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን አየሩ ይሞቅና ይፈነዳል። ጥላ ሥር አድርጉት፤ ጥቂት አስተንፍሱት።

ስትመለሱ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ጠቅልሉ። እርጥብ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ዕቃ ቤት የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ ከአይጥ ጠብቁት። አይጥ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ብላ አትምርም!

መቼና የት?

ከጎንደር ጎርጎራ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሁሉ በፊት መንገዱን አጣሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ሰው እንደፈለገ አይጓዝም። ሰላም ካልሆነ ጣና የትም አይሄድም፤ ቆዩ።

ከሄዳችሁ በማለዳ ቀዝፉ፤ ነፋሱ ሳይነሳ ውጡ። በክረምት ተዉት። ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው፤ ከየብስ ወደ ሐይቅ የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ አታላይ ነው። ዳርቻው ላይ ውኃው ጸጥ ያለ ይመስላል። ካያክ ቀላል ስለሆነ ግን እንደ ቅጠል ይገፋችኋል፤ ለመመለስ ስትቀዝፉ ክንዳችሁ ይዝላል። ከመግባታችሁ በፊት አንድ ክር ቀዘፋው ላይ እሰሩ። ክሩ ወደ ሐይቁ ካመለከተ አትግቡ። በቃ!

ከዳርቻው ጋር ትይዩ ቅዘፉ እንጂ ወደ መሐል አትሂዱ። ወድቃችሁ በእግራችሁ መቆም የምትችሉበት ቦታ የቤተሰብ ቦታ ነው። ጉማሬ የሚውልበትን፣ ትልልቅ ጀልባዎች የሚያልፉበትን ለአካባቢው ሰው ጠይቁ። «አያ፣ በየት በኩል ይሻላል?» ማለት ምንም አያስከፍልም። እምቦጭ የሸፈነው ቦታም አይገባበትም፤ ቀዘፋውን ይይዛል፣ ከሥሩ ያለውም አይታይም። «ጎርጎራ ሩቅ ነው፣ አንገረብ ይሻለናል» የምትሉ ደግሞ ተዉ። አንገረብ ግድብ ከተማችን የምትጠጣው ውኃ ነው!

አንድ የጤና ነገር ልጨምር። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ተህዋሱ ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልግም። ልጆችን ቄጠማ ባለበት ጭቃማ ዳርቻ አታንቦራጭቁ። ውኃ ከነካችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ዝም ካሉት ግን አንጀትና ጉበት ይጎዳል።

ፍርዱ

እንግዲህ ባልና ሚስቱን እንዲህ አልኳቸው። ሚስት የፈራችው ትክክል ነው። ባልም ልጆቹ ጣናን ከፎቶ ሌላ እንዲያውቁት መፈለጉ ትክክል ነው። ስለዚህ አራታችሁም አንድ ላይ አትግቡ። አንድ ወላጅና አንድ ልጅ በተራ ይግቡ፤ ሌላኛው ወላጅ ከሌላው ልጅ ጋር ስልክ ይዞ በዳርቻው ይቁም። የመጀመሪያው ቀን ደግሞ የመውደቂያ ቀን ይሁን። ጃኬት ለብሳችሁ ደረት በሚደርስ ውኃ ካያኩን ሆን ብላችሁ ገልብጡት፤ ይዛችሁት መንሳፈፍና መልሳችሁ መውጣት ተለማመዱ። ጀልባ ሲገለበጥ ሰው የሚጠፋው ጥሎት ሲዋኝ ነውና።

አዛዡ ማነው? ቤት ውስጥ ማን እንደሚያዝ አይመለከተኝም። በካያክ ላይ ግን አዛዡ የፈራው ሰው ነው! ሚስትም ትሁን፣ የስድስት ዓመቷ ልጅም ትሁን፣ «እንመለስ» ካለች ይመለሳል። «ትንሽ ብቻ!» የለም። «ፈሪ!» ብሎ መሳቅም የለም። ዛሬ ቃሏን የሰማችሁላት ልጅ ነገ ራሷ «አባዬ፣ እንሂድ» ትላለች። የናቃችኋት ግን ወይ ውኃ ስትፈራ ትኖራለች፣ ወይ ፍርሃቷን መደበቅ ትለምዳለች። ከሁለቱ የሚብሰው የኋለኛው ነው፤ ውኃ ላይ የሚያድነን እኮ ያ «ፈራሁ» የሚለው ቃል ነው። ዳሽኑም ቢሆን ከውኃ ከወጣችሁ በኋላ ይደርሳል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በእናንተ ቤት «እንመለስ» ሲባል የሚሰማ አለ?

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!