ዕጣ ያገናኛቸው

(ድምፅ፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም። የልጆች ጫጫታ፣ በደረጃ ላይ የሚጎተት ጀሪካን፣ ከሩቅ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ)

ተራኪ፦
ጀሞ ነን። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ከአንድ ሮቶ ውሃ የሚጠብቁ፣ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ቤተሰቦች መካከል ቆመናል። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዷ ከካዛንቺስ፣ ሌላው ከጨርቆስ የመጡ ናቸው። ያገናኛቸው ዝምድና አይደለም፤ የአንድ አገር ልጅነትም አይደለም። ያገናኛቸው ዕጣ ነው።

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ሲጀመር፣ ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ ነበር። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ። ስሙን ከባለ ዕድሎቹ ዝርዝር ውስጥ ያገኘ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም። ነገር ግን ቁልፍ የተረከበ ሰው ጎረቤት አብሮ አልተረከበም። ቡና የሚያጣጣው፣ ልጅ በሌሊት ሲታመም በሩን የሚያንኳኳበት ሰው እዚያው የድሮ ሰፈር ቀርቷል። የድሮውን ዕድር ሳይለቁ፣ ከጀሞ መሀል ከተማ ድረስ እየተመላለሱ መዋጮ የከፈሉ ብዙ ናቸው። ሲሞቱ የሚቀብራቸው እዚያ ነውና።

በዛሬው ዝግጅታችን ከዚህ ደረጃ ተነስተን በጣም ወደ ራቀ ጎረቤት እንሄዳለን። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና የሚያስኬደውን ያህል ወደ ላይ፣ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች፣ አሜሪካዊው ዊሊያም ሼፐርድና ሩሲያውያኑ ዩሪ ጊድዜንኮና ሰርጌይ ክሪካልዮቭ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2000 ገቡበት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን ባዶ ቤት ሆኖ አያውቅም። እዚያም ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም።

(ድምፅ፦ የመሣሪያ ጉምጉምታ፣ የማያቋርጥ የአየር ማራገቢያ)

ተራኪ፦
ይህ የምትሰሙት ዓይነት ድምፅ እዚያ ቀንና ሌሊት አይቆምም። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል፤ ፀሐይ በ24 ሰዓት ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ትወጣለች። ከሽንትና ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ተጣርቶ እንደገና ይጠጣል። መስኮት ከፍቶ ነፋስ መቀበል፣ ተጣልቶ በር ዘግቶ ወጥቶ መሄድ፣ እናት ቤት ሰንብቶ መምጣት የለም።

እዚያ የሚኖሩት ሰዎች የተመረጡ፣ የተፈተኑ፣ ለዓመታት የሠለጠኑ ናቸው። እንዲያም ሆኖ መኗኗር በሥልጠና ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 አናቶሊ ቤሬዞቮይና ቫለንቲን ሌቤዴቭ በሶቪየቱ ሳልዩት 7 ጣቢያ ሁለት ሆነው 211 ቀናት ኖሩ። ሌቤዴቭ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሁለቱን መሰለቻቸት፣ ንዴትና ዝምታም አስፍሯል። ጀግኖች ነበሩ። ግን ጀግንነት ከአንድ ሰው ጋር ሰባት ወር ሙሉ በአንድ ክፍል ለመኖር የሚያበቃ ስንቅ አይደለም።

አሁን የዚህን ዝግጅት እምብርት የሆነውን ታሪክ እንንገራችሁ።

ዳንኤል ታኒ የተባለ አሜሪካዊ ጠፈርተኛ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ወደ ጣቢያው ወጣ። በታኅሣሥ የምትመጣው አትላንቲስ የተባለች መንኮራኩር ልትመልሰው ነበር። የነዳጅ ታንክ ጠቋሚዎቿ እክል ገጠማቸውና ጉዞዋ ተራዘመ። ታኒ ቆየ። ታኅሣሥ 18 ቀን የጣቢያው አዛዥ ከሆነችው ከፔጊ ዊትሰን ጋር ልብሰ ጠፈር ለብሰው ወደ ውጭ ወጡ፤ ሲሠሩ ውለው ተመለሱ። በማግስቱ እናቱ በመኪና ሲሄዱ ባቡር ገጭቷቸው ሞቱ። የ90 ዓመት እናት ነበሩ።

(ለአፍታ ዝምታ)

ተራኪ፦
አድማጮቻችን፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በማለዳ፣ በዘመድ አዝማድ ተከብቦ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ። ለታኒ የተነገረው በመገናኛ መስመር ነው። ለቀብር መምጣት አልቻለም። እስከ የካቲት ድረስ የሚመልሰው መንኮራኩር አልነበረም። በዚያች ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ እሱ፣ ዊትሰንና ሩሲያዊው ዩሪ ማሌንቼንኮ። ለቅሶ ቤቱም፣ ለቀስተኛውም፣ አጽናኙም እነዚያው ሦስቱ ነበሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን፣ ታኒና ዊትሰን እንደገና አብረው ወደ ውጭ ወጡ፤ የተበላሸ ሞተር ቀየሩ። እዚያ ውጭ የአንዱ ሕይወት በሌላው እጅ ነው። ሐዘንተኛውን አምና አብራው የወጣች ሴት፣ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ሥራውን የሠራ ሰው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ወደ ጀሞ ይመልሰኛል።

(ድምፅ፦ ካስማ ሲመታ፣ የድንኳን ሸራ ሲዘረጋ፣ የወንበር ኳኳታ)

ተራኪ፦
እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ቢሞት አስከሬኑን በጠባቡ ደረጃ ማውረድ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚችለው አይደለም። ሊፍት የለም። ሳጥኑ በየመታጠፊያው መዞር፣ መቃናት፣ በትከሻ መደገፍ አለበት። ያን ጊዜ ከመርካቶ የመጣው ከጨርቆስ ከመጣው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል። ድንኳኑ በብሎኮቹ መካከል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። የጋራ መገልገያው ቤት፣ ኮሙናሉ፣ ወጥ ቤት ይሆናል። ንፍሮ ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ፤ ድስቱ ይለያል እንጂ ሐዘኑ አይለይም።

ይህን ሁሉ የሚያስኬደው ዕድሩ ነው። አዲስ አበባ ዕድርን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከየገጠሩ ለሥራ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ሞቶ እንዳይወድቅ ያቋቋመው ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ቀድሞ ጡሩምባ ነፊው ሌሊት በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። ዛሬ በጀሞ ወሬው በስልክ መልእክት፣ በቴሌግራም፣ በደረጃ መግቢያ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ይደርሳል።

ሰው ስለ ዕድር ሲያወራ ብዙ ጊዜ ፍቅርን ያነሳል። እኔ ግን ትልቁ ነገር መተዳደሪያ ደንቡ ይመስለኛል። ዕድር ጎረቤትህን ትወደዋለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። በውሃ ተራ የተጣላኸው፣ ሙዚቃ አስጮኸ ብለህ የከሰስከው ሰው እናቱ ስትሞት ትቀብራለህ። ስም ይጠራል፤ ካልተገኘህ ትቀጣለህ። ድንኳን ተካይ በተራ ነው፤ አዳሪ በተራ ነው። ደስ ባለህ ቀን ብቻ የምትመጣበት አይደለም። እንግዲህ ዕጣ የጣላቸው ሰዎች ወደ ጎረቤትነት የሚሻገሩት በዚህ ነው፤ መዋደዱ ከመጣ ኋላ ይመጣል።

ጠፈርተኞችም ወደዚሁ መጥተዋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1973 ስካይላብ የተባለውን ጣቢያቸውን ሲያመጥቁ፣ የሦስቱ ነዋሪዎች የምግብ ጠረጴዛ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተሠራ፤ ማንም ከራስጌ እንዳይቀመጥ። እንደ መሶብ፣ ሁሉም እኩል የሚቀርበው ገበታ እንዲሆን። ምግብ በማይረጋበት ቦታ ጠረጴዛ ምን ያደርጋል ቢባል፣ ሰዎቹን ለማሰባሰብ ነው። በዛሬውም ጣቢያ ሩሲያውያኑና ሌሎቹ በየክፍላቸው ቢሠሩም፣ አብሮ መብላት የተጠበቀ ልማድ ነው።

ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞ ግን ከዚህ ይከብዳል። ደርሶ መልስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል ተብሎ ይታሰባል። ድምፅ ከምድር እዚያ ለመድረስ፣ እንደ ርቀቱ፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። መርዶ የተነገረው ሰው አልቅሶ ሲጣራ፣ የሚመልስለት የቤተሰቡ ድምፅ የሚደርሰው የዚያ እጥፍ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ደራሹ አብሮት ያለው ሰው ብቻ ነው። በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 ስድስት ሰዎች 520 ቀናት ተዘግተው ይህን ኑሮ ሞክረውታል። ወደ ማርስ የሚሄደውን መንኮራኩር የሚሠሩ መሐንዲሶች ከጀሞ ዕድር ጸሐፊ መዝገብ ብዙ ይማሩ ነበር ብዬ አምናለሁ፦ ሐዘንተኛውን ከሥራ ተራ የሚተካው ማን ነው? እስከ ሠልስት አብሮት የሚያድረው ማን ነው? ብቻውን እንዳይበላ የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ በበጎ ፈቃድ ሳይተው አስቀድሞ ተጽፎ መግባት ያለበት ነገር ነው።

(ድምፅ፦ የደረጃ ኮቴ፣ የበር መቆለፊያ)

ተራኪ፦
ጀሞ ግን አንድ ያልዘጋው ጉዳይ አለው። በእነዚህ ብሎኮች ከሚኖሩት ብዙዎቹ ዛሬ ተከራዮች ናቸው። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ የሕንፃው ማህበር ስብሰባ ላይ የሚጠራው የእሱ ስም ነው። ተከራዩን ዕድር ውስጥ ማስገባት አለማስገባት በየብሎኩ ይለያያል። ነገ ይለቃል፣ መዋጮውን ጥሎ ይሄዳል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም።

ይሁንና ጠፈር ጣቢያው ላይ የቤት ባለቤት የለም። አብዛኛው ሰው ለስድስት ወር ያህል ይኖራል፣ ለተተኪው አስረክቦ ይወርዳል። ታኒም ዊትሰንም እዚያ ተከራዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሐዘኑ በደረሰ ጊዜ ግን የባለቤትነት ካርታ የተጠየቀ ሰው አልነበረም። በጀሞ ለአምስት ዓመት የኖረ ተከራይ አንድ የማርስ ተጓዥ ከሚያሳልፈው የበለጠ ጊዜ ከጎረቤቶቹ ጋር አሳልፏል። ሳጥኑን በደረጃው ላይ ሲያወርዱ ትከሻውን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ባለቤቱ ሩቅ ነው።

ለዚህ የሚሆን ደንብ መጻፍ አይከብድም። ተከራይ በየወሩ ይክፈል። ሲለቅ ለሚተካው ሰው ያስተላልፍ ወይም የድርሻውን ይውሰድ። በመዝገቡ ላይ በባለቤቱ ስም ሥር ሳይሆን በራሱ ስም ይጻፍ። ድንኳን ይትከል፣ በተራው ይደር፣ ሲቀርም እንደማንኛውም አባል ይቀጣ።

(ድምፅ፦ የስም ጥሪ፤ «አቤት» የሚሉ ድምፆች፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)